በማዕድን ማውጫ አጠገብ ሲያመርቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ሰብሉ እንዲህ አምሮ ምን ችግር ይኖረዋል?» ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ይህ አባባል ነው። ከማዕድን ማውጫ የሚወጣው ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት የገባበት ጎመን አይጠወልግም፤ ጣዕሙም ያው ነው። ተክሉ ራሱ ሳይታመም ሰውን የሚጎዳ መጠን ሊሸከም ይችላል። በጃፓን ቶያማ፣ በጂንዙ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። ከካሚዮካ ማዕድን ማውጫ የወረደው ካድሚየም በመስኖ ውሃ ማሳቸው ገባ፤ ከዚያ ሩዙ ውስጥ ተከማቸ። ኩላሊታቸው ተጎዳ፤ አጥንታቸው ሳስቶ በቀላሉ ይሰበር ጀመር። ሕመሙ «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ አመመኝ» ማለት ነው። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው።

ማውጫው ሲዘጋ ችግሩም ያበቃል ብሎ ማሰብ ሌላው ስህተት ነው። የዛምቢያው የካብዌ የእርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ተዘግቷል። እርሳሱ ግን ዛሬም በሰፈሩ አፈር ውስጥ አለ። ብረት አይበሰብስምና።

«አጥቤዋለሁ፣ ቀቅየዋለሁ» ብሎ መተማመንስ? ማጠቡ የግድ ነው። የሰላጣ ቅጠል ከሥሩ ጋር የሚያያዝበትን እጥፋት ገለጥ አድርገው ይዩት፤ ደቃቅ አፈር ተሰግስጎበታል። በቅጠል ላይ ከሚገኘው እርሳስ ብዙው ከእንዲህ ዓይነቱ አቧራ የሚመጣ ስለሆነ በደንብ ማጠብ ይቀንሰዋል። ካሮትና ድንችም ይላጡ። ካድሚየም ግን በሥር ተስቦ ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ በውሃ አይለቅም። እሳትም ብረትን አያጠፋም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን መድኃኒቱ ላይ ነው። ኖራ ጥሩ ነው ሲባል ይሰማና ሳያስመረምር ይበትናል። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ኖራ በእርግጥ ካድሚየምን ይይዘዋል፤ ተክሉ የሚስበው ይቀንሳል። አርሴኒክ የተባለው ሌላው መርዝ ግን እንደዚያ አይደለም፤ ኖራ ሲበዛ እንዲያውም ሊለቀቅ ይችላል። የሩዝ ማሳም እንደዚሁ ነው። ውሃ ሲተኛበት ካድሚየሙ ይታሰራል፣ አርሴኒኩ ይፈታል። የቱ ብረት እንዳለ ሳያውቁ ማከም አንዱን ሲሸሹ ሌላው ላይ መውደቅ ነው።

ስለዚህ ያስመርምሩ። ግን ከአንድ ቦታ አንድ እፍኝ አፈር ወስደው አይደለም። ከማሳው 10 እስከ 15 ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍረው ይቀላቅሉ። ጎርፍ የሚገባበትን ወይም ለማውጫው የቆሻሻ ቁልል የሚቀርበውን ጎን ለብቻው ይያዙት፤ ከተቀላቀለ ችግሩ ይደበቃል። ዚንክ የተለበጠ ባልዲና አካፋ አይጠቀሙ። ላብራቶሪውንም እርሳስ፣ ካድሚየምና አርሴኒክ ብለው በስም ይጠይቁ፤ የተለመደው የአፈር ለምነት ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን አያካትትም።

የሰብል ምርጫም ቀላል ነገር አይደለም። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር አብዛኛውን ጊዜ ከቲማቲም፣ ከቃሪያና ከባቄላ የበለጠ ብረት ይይዛሉ። የተበከለውን ተክል ነቅሎ ኮምፖስት ማድረግ ደግሞ ብረቱን ወደ ማሳው መመለስ ነው።

መጨረሻ ያስቀረሁት በጣም ስለሚያሳስበኝ ነው፤ ምግቡን ብቻ አይተን ልጆቹን እንረሳለን። እ.ኤ.አ. በ2010 በናይጄሪያ ዛምፋራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት በእርሳስ መመረዝ ሞተዋል። ከወርቁ ጋር እርሳስም የያዘው ድንጋይ የሚፈጨው እዚያው መንደር ውስጥ ነበር፤ ልጆቹም አቧራው ውስጥ ይጫወቱ ነበር። የልጅ አካል ከአዋቂው ይልቅ እርሳስን በብዛት ይስባል። የማሳ ጫማዎን ደጅ ያውልቁ፤ የሥራ ልብስዎን ከልጆቹ ልብስ ለይተው ይጠቡ፤ ልጆቹም ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠቡ።