ነፃ የግጥምና የአጭር ልብወለድ ውድድሮች፦ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

የመመዝገቢያ ክፍያ በማይጠየቅባቸው የሥነ ጽሑፍ ውድድሮች በርካታ ጥሩ ሥራዎች ዳኛ ሳያነባቸው ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት መፍትሔዎች አብዛኞቹ ሥራው ከመላኩ በፊት የሚፈጸሙ ናቸው።

ችግር፦ ሥራው ሳይነበብ ተሰረዘ።
መንስኤው ብዙ ጊዜ ስም ነው። ዳኞች የጸሐፊውን ማንነት ሳያውቁ በሚፈርዱበት ውድድር ስምዎ በገጹ ራስጌ፣ በፋይሉ መጠሪያ ወይም ኮምፒውተሩ በራሱ በሚመዘግበው የፋይሉ መረጃ ውስጥ ከተገኘ ሥራው ውድቅ ሊደረግ ይችላል። ሦስቱንም ያጽዱ፤ በተለይ የመጨረሻው በገጹ ላይ ስለማይታይ በቀላሉ ይረሳል። ሁለተኛው መንስኤ ርዝመት ነው፤ ለምሳሌ የኮመንዌልዝ የአጭር ልብወለድ ሽልማት የሚቀበለው ከ2,000 እስከ 5,000 ቃላት ያለውን ታሪክ ነው። ቃላቱን በመጻፊያው ፕሮግራም ይቁጠሩ እንጂ በግምት አይለፉ።

ችግር፦ «ቀድሞ የታተመ ነው» ተባለ።
ብዙ አዘጋጆች በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም የተለቀቀን ግጥም እንደታተመ ይቆጥሩታል፤ በኋላ ማጥፋቱም ሁልጊዜ አያድንም። ለውድድር ያሰቡትን ሥራ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለሕዝብ አያውጡ።

ችግር፦ ግጥሙ ተበላሽቶ ደረሰ።
በቆዩ የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊታይ ይችላል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት መለያ እንዲያውቁ በሚያደርገው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ ስለገባ በዩኒኮድ ይጻፉ፤ ደንቡ ከፈቀደም በፒዲኤፍ ይላኩ። በማስገቢያ ቅጽ ላይ የሚለጠፍ ግጥም ደግሞ ስንኞቹ ሊቀላቀሉ፣ በአንጓዎቹ መካከል ያለው ክፍተትም ሊጠፋ ስለሚችል ከመላክዎ በፊት ከዋናው ጋር ያስተያዩት።

ችግር፦ ነፃ የተባለው ውድድር ገንዘብ መጠየቅ ጀመረ።
«ለመጨረሻው ዙር አልፈዋል፤ ሥራዎ የሚወጣበትን መድበል ይግዙ» የሚል ደብዳቤ ከመጣ፣ አዘጋጁ የሚተዳደረው መጽሐፉን ለተወዳዳሪዎቹ በመሸጥ ሊሆን ይችላል። ደስታዎን የሚነካ ቢሆንም አይክፈሉ። ከመላክዎ በፊት የዳኞቹ ማንነትና ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ሥራ በግልጽ መገኘታቸውን ያረጋግጡ።

ችግር፦ ሥራውን በራስዎ መድበል ማሳተም አልቻሉም።
መንስኤው በደንቡ መጨረሻ አካባቢ የተቀመጠች አንዲት ዐረፍተ ነገር ልትሆን ትችላለች። የደራሲያንን መብት የሚያስጠብቀው ዓለም አቀፍ ውል፣ እ.ኤ.አ. የ1886ቱ የበርን ስምምነት፣ አባል በሆኑ አገሮች የቅጂ መብት ያለ ምዝገባ ለደራሲው ይሰጣል፤ ለውድድር መላክም ብቻውን ይህን መብት አይወስድም። የሚወስደው «የተላኩ ሥራዎች ሁሉ የአዘጋጁ ንብረት ይሆናሉ» የሚለው ዓይነት ቃል ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ደንብ ያላሸነፈው ተወዳዳሪ ጭምር ምንም ሳያገኝ ሥራውን ሊያጣ ስለሚችል፣ በእኔ እምነት ከተዘረዘሩት ችግሮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ተገቢ ደንብ የአሸናፊዎችን ሥራ ብቻ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ዘመን የማሳተም መብት ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ መብቱ ለደራሲው ይመለሳል። ደንቡ ግልጽ ካልሆነ የማንን ሥራ መብት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወስዱ፣ ደራሲው ራሱ እንዳያሳትም ይከለክሉ እንደሆነም አዘጋጆቹን በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። መልስ ካልሰጡ፣ ሽልማቱ ምንም ያህል ቢያጓጓም፣ ያንን ሥራ አይላኩ።