በጣና ደሴቶች የጀልባ ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ከጀልባው በፊት ተሳፋሪው ይታሰብ። የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴት አይገባባቸውም። ከቤተሰብ ጋር ከሆኑ ዘጌ ያሉትን ኡራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን፣ ወይም እቴጌ ምንትዋብ ደቅ ደሴት ላይ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ይምረጡ። ሚስቱን ጀልባ ላይ አስቀምጦ ዳጋ የሚወጣ ባል ሲመለስ የሚጠብቀውን እሱ ያውቃል።

ቀጥሎ ሰዓት። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣበታል። ጥልቀቱ ቢበዛ ወደ 15 ሜትር ስለሆነ ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ይንጣል። ስለዚህ ከባሕር ዳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሡ፤ መጀመሪያ ሩቁን፣ ሲመለሱ ቅርቡን። ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ናርጋ ግን መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ አንድ ሰዓት ቢቆዩ እንኳ ባሕር ዳር የሚገቡት 7 ሰዓት ተኩል ነው። ሁለቱንም በአንድ ቀን አደርሳችኋለሁ የሚልን አይስሙ። በጾም ቀን ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ የገዳማቱን ሥዕል ለማየት ሌላ ቀን ይሻላል።

ዋጋ ሲነጋገሩ በሰው ሳይሆን በጀልባ ይሁን፤ የት የት እንደሚቆም፣ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ነዳጁ የማን እንደሆነ ይቁረጡ። ቀብድ ይስጡ፣ ቀሪውን ሲመለሱ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ይያዙ።

ከመሳፈርዎ በፊት ላይፍ ጃኬቱን ለብሰው፣ ቀበቶውን አጥብቀው፣ ሌላ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። አገጭዎን ካለፈ ሰፍቶዎታል፣ ያስቀይሩ። ትርፍ ቤንዚንና ካንዴላ (ለሞተሩ ብልጭታ የሚሰጠው) መኖሩንም ይጠይቁ።

ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ እንደ ክር የሚፈስ ውኃ ይታያል፤ ማቀዝቀዣው ነው። ከተቋረጠ እምቦጭ ወይም ሌላ ቆሻሻ መሳቢያውን ደፍኖት ይሆናል፤ ወዲያው ይጥፋ፣ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል። እምቦጭ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከውኃው ተነሥቶ በቢላ ይቆረጣል።

ዓባይ መውጫ አካባቢ ጉማሬ ካዩ ነጂው ይራቅ፤ ለፎቶ ጠጋ በል አይበሉት። ዳር ዳሩ ቢልሃርዚያ ስላለ እግርዎን እንኳ አይንከሩ። ገዳማቱ ውስጥ ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ፣ ለሴቶች ደግሞ ረጅም ቀሚስና ነጠላ አይረሳ።