ማርስን በካርቶን መነጽር ማሳየት

የልብን ወይም የአጽምን አሠራር ለማስተማር ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይበቃል፤ በስልኩ ካሜራ አማካይነት ምስሉ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ተማሪውን ወደ ሩቅ ቦታ ለመውሰድ ግን ዓይንን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ በሌላ ቦታ ያለ የሚያስመስለው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይሻላል። ለዚህም ውድ መነጽር ግድ አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስተዋወቀውን፣ ስልክ የሚገባበትን የካርቶን መነጽር መሸጥ በ2021 ቢያቆምም፣ በእጅ መሥራት ይቻላል።

አስቀድመው ስልኩን ይፈትሹ። ዩቲዩብ ላይ ባለ 360 ዲግሪ፣ ማለትም ዙሪያውን ሁሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ይክፈቱና ስልኩን ያዙሩት፤ ምስሉ አብሮ ካልዞረ ሌላ ስልክ ይፈልጉ።

ቀጥሎ ሁለት እኩል ማጉያ ሌንሶች ያዘጋጁ። አንዱን በመስኮት ትይዩ ካለው ግድግዳ ፊት ይዘው ያስጠጉት፣ ያርቁት። የመስኮቱ ምስል ተገልብጦ ግድግዳው ላይ ጥርት ሲል ከሌንሱ እስከ ግድግዳው ያለውን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ፤ 45 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ስልኩም ከሌንሱ የሚርቀው በዚያው ልክ ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከሳቱ ሁሉ ነገር ይደበዝዛል። ከሌንስ መሃል እስከ ሌንስ መሃል 60 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ። የቀረው ካርቶኑን እንደ ሳጥን ማጠፍ፣ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ማካፈያ ማቆምና ስልኩን በላስቲክ ማሰር ነው።

ኪውሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ተሽከርካሪ በ2015 ማርስ ላይ ናሚብ ከተሰኘው የአሸዋ ክምር አጠገብ ያነሳውን ባለ 360 ዲግሪ ምስል ዩቲዩብ ላይ ይምረጡ። ስክሪኑ ላይ የመነጽር ምልክት ካለ፣ ሲነኩት ምስሉ ለሁለቱ ዓይኖች ለሁለት ይከፈላል። ከዙሪያው በአንድ ጊዜ የሚታየው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ከፍተኛውን ጥራት ይጠቀሙ፤ አለዚያ የምታዩት ማርስን ሳይሆን ጭጋግን ነው።

ሃምሳ ተማሪና አንድ መነጽር ካለ፣ በየተራ አንድ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ይዩ፤ የሚያቅለሸልሸው ወዲያው ያውልቀው። ያየ ሁሉ ከጓደኛው ሳይመካከር የክምሩን ከፍታ ገምቶ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ግምቶቹን ሰሌዳ ላይ ይደርድሩ፤ ተራራቁ ብለው አይደንግጡ። ክምሩ 4 ሜትር ያህል ነው። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያስለኳቸውና ለምን እንደተሳሳቱ ይጠይቋቸው፤ አንዱ «ዛፍም ሰውም የለም፣ ከምን ጋር እናስተያየው?» እስኪል ድረስ መልሱን አይንገሯቸው።