ኖክ ሴንሰር ከመቀየራችሁ በፊት

«መኪናዬ ዳገት ደከማት» የሚል ደንበኛ ሲመጣ ጅሬን ይዤው እወጣለሁ። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገት የተሻለ መፈተሻ ጅማ ውስጥ አላውቅም። መጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ ዳገቱ መሀል ቤንዚን ረገጥ አድርጉ። መስኮት ክፈቱ፣ ሬዲዮ ዝጉ። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚንቀጫቀጭ ከሰማችሁ፣ ኖክ ማለት እሱ ነው።

ካንዴላው እሳቱን ከለኮሰ በኋላ ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ቤንዚን በሙቀትና በግፊት ራሱ ይፈነዳል። ሲደጋገም ፒስተን ይበላል። ኖክ ሴንሰር ይህን ንዝረት ይይዛል። ሞተሩ ብሎክ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ውስጡ ያለው ክሪስታል ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ቮልት ያመነጫል። ያን ጊዜ የሞተሩ ኮምፒውተር ካንዴላው እሳት የሚለኩስበትን ጊዜ በጥቂት ዲግሪ (የሞተር ዙር እንጂ የሙቀት አይደለም) ያዘገያል፤ ኖኩ ሲጠፋ ቀስ እያለ ይመልሰዋል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሴንሰሩ ሲበላሽ መኪናዋ መንኳኳት ላትጀምር ትችላለች። ኮምፒውተሩ መስማት ሲያቅተው ለጥንቃቄ እሳቱን አዘግይቶ ይይዛል። ድምፅ የለም፣ ጉልበትም የለም፣ ቤንዚን ግን ትጠጣለች። የጊቤን በረሃ ወርዳችሁ ሽቅብ ስትመለሱ ያስታውቃል።

ኮድ ማንበቢያው ፒ0325 ካሳየ የሴንሰሩ መስመር ችግር አለበት ማለት ነው እንጂ ሴንሰሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ሶኬቱንና ሽቦውን አስቀድሙ። ቡና መጋዘን አጠገብ የምታድር መኪና ላይ አይጥ ሽቦ ቢበላ አይግረማችሁ። ሽቦው ደህና ከሆነ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሶኬቱን ንቀሉና የሴንሰሩን ሬዚስታንስ (የኤሌክትሪክ መቋቋሙን) በቴስተር ለኩ። ቪትዝ ላይ ባለው ዋን ኤንዜድ ሞተር ከ120 እስከ 280 ኪሎኦም መሆን አለበት።

ለመቀየር ትንሽ ትዕግስት ይጠይቃል፤ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ሥር ተደብቋል። የሚቀመጥበትን ፊት ዝገትና ዘይት እስኪለቅ አጽዱ። ሮንዴላ አትጨምሩ፣ ግሪስ አትቀቡ፤ ሁለቱም ንዝረቱን ያበላሹበታል። ቡሎኑን ማጥበቂያ ጉልበት በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ) 20 ኒውተን ሜትር ላይ አቁሙ። «ጠበቅ ይበል» ብሎ በጉልበት የሚያስር ረዳት ካላችሁ ቁልፉን ተቀበሉት። ከላላም ከጠበቀም ሴንሰሩ የሚሰማው ይዛባል።

ጅሬን ላይ ጠጠሩን በእርግጥ ከሰማችሁ ግን ሴንሰር አትግዙ። ራዲያተሩን፣ የካንዴላውን ቁጥር (የሙቀት ደረጃውን)፣ ፒስተን ላይ የተጋገረውን ካርቦን እዩ። ከሁሉ በፊት ግን ቤንዚኑን ከየት እንደቀዳችሁ አስታውሱ። መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጠው ላምባ ከተቀላቀለበት ኦክቴኑ (ኖክ የመቋቋም አቅሙ) ይወርዳል፤ ኮምፒውተሩ እሳቱን የቱንም ያህል ቢያዘገይ አይችለውም።