ለጥቂት ወራት የሚቀመጥ ብር፦ ቁጠባ፣ የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ግምጃ ቤት ሰነድ ወይስ መኒ ማርኬት ፈንድ?

ጎንደር ላይ አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ነው። ስልክ ላይ ስለ ብር ወሬ ከተነሳ ደግሞ "እኔ እኮ መኒ ማርኬት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት" የሚል አይጠፋም። እዚህ ያለው ሰውዬ ታዲያ ብሩ ባንክ ቁጭ ብሎ "እኔስ ምን ላድርግ?" ማለቱ አይቀርም። ማወዳደሩ ከባድ አይደለም። ብቻ ከወለዱ አትጀምሩ።

1. መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ

ብሩ የሚፈለገው መቼ ነው? መተማ በኩል ሰሊጥ የሚያመርት ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሸጦ ብሩን ይይዛል። ለእርሻና ለአራሚ የሚያወጣው ደግሞ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ስለዚህ ይሄ ብር ስድስት ወር ያህል ሥራ ፈት ነው። ለሱ የአንድ ዓመት ውል፣ ወለዱ የቱንም ያህል ቢያጓጓ፣ አይሆነውም። ነገ ለሐኪም ሊያስፈልግ የሚችለው ብር ደግሞ ከሁሉም ተለይቶ ተራ ቁጠባ ውስጥ ይቀመጥ። እሱ ላይ ወለድ አትቁጠሩ።

2. ባንክ ገብታችሁ የምትጠይቁት

የተራ ቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ጥቅምት ላይ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያሳደገው ነው። ፒያሳ ካሉት ባንኮች አንዱ ጋ ገብታችሁ "ወለዱ የሚታሰበው በየቀኑ ቀሪ ነው ወይስ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ?" በሉ። በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ከሆነ፣ ለሁለት ቀን አውጥታችሁ የመለሳችሁት ብር የወሩን ወለድ ይዞባችሁ ሊሄድ ይችላል። ከወለዱ ላይ ግብር ተቆርጦ እንደሚደርሳችሁም አትርሱ።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ፣ ብዙዎቻችን ፊክስድ የምንለው፣ ላይ ድርድር አለ። ብሩ ጠርቀም ካለ አታፍሩ፣ ሁለት ሦስት ባንክ ዙሩና "ስንት ትሰጡኛላችሁ?" በሉ። ግን ከወለዱ በላይ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ቀኑ ሳይደርስ ባፈርሰው ምን ይቀርብኛል? ወለዱ በሙሉ ይሄዳል ወይስ ወደ ተራ ቁጠባ ወለድ ይወርዳል? መልሱን በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ አንብቡት። የተቀማጩን ሰነድ ለብድር መያዣ ማድረግ የሚቻል ከሆነም ጠይቁ፤ ከማፍረስ ይሻላል።

ወለድ የማትፈልጉ ከሆነ የወለድ አልባ መስኮት አለ። እሱ ላይ የሚጠየቀው ብሩ እንዲሁ በአደራ ነው የሚቀመጠው ወይስ ትርፍ ይካፈላል የሚለው ነው።

3. ግምጃ ቤት ሰነድ

ይሄን ብዙ ሰው የባንኮች ብቻ ይመስለዋል። መንግሥት ለ28፣ ለ91፣ ለ182 እና ለ364 ቀን የሚበደርበት ሰነድ ነው። ወለድ ተብሎ በየወሩ የሚገባ ነገር የለውም፤ በቅናሽ ትገዙትና ቀኑ ሲደርስ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። ለስሌት ያህል፣ የ182 ቀኑን 100,000 ብር ሰነድ በ93,000 ገዛችሁት እንበል። ያገኛችሁት 7,000 ነው፤ ያወጣችሁት ግን 93,000 ስለሆነ ትርፉ 7 ሳይሆን 7.5 በመቶ ገደማ ነው፣ ያውም በግማሽ ዓመት። ያው 93,000 በ7 በመቶ ቁጠባ ውስጥ ለ182 ቀን ቢቀመጥ ወደ 3,250 ብር ነው የሚያስገኘው። ሰነዱ የሚሸጠው በጨረታ ስለሆነ ትክክለኛው ዋጋ በየጊዜው ይለያያል፣ ስለዚህ የቅርቡን ጨረታ ውጤት አይታችሁ በራሳችሁ ቁጥር አስሉት።

ለሰሊጡ ሰውዬ 182 ቀን ልክ ነው። ታኅሣሥ የገዛው ሰኔ ላይ ይደርስለታል። ጣጣው መሀል ላይ ብር ቢያስፈልገው ነው፤ ሰነዱን መልሳችሁ የምትሸጡበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው 2017 ጥር ላይ ስለሆነ ገና ጨቅላ ነው፣ ገዢ በፈለጋችሁት ቀን ላይገኝ ይችላል።

4. የዘመዳችሁ መኒ ማርኬት

ስሙ ሁለት ነገር ነው። መኒ ማርኬት አካውንት ከሆነ የባንክ ተቀማጭ ነው፤ እዚያው አሜሪካ እስከ 250,000 ዶላር መድን አለው። መኒ ማርኬት ፈንድ ከሆነ ግን የብዙ ሰው ገንዘብ ተሰብስቦ የአጭር ጊዜ ሰነድ የሚገዛበት ነው። የተቀማጭ መድን የለውም። አንዷ ድርሻ ሁሌ 1 ዶላር እንድትሆን ይጣራል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ግን ሪዘርቭ ፕራይመሪ የተባለው ፈንድ የከሰረውን የአሜሪካ ባንክ የሌማን ብራዘርስን የዕዳ ሰነድ ይዞ ተገኘና ወደ 97 ሳንቲም ወረደ። ብርቅ ነው፣ ግን ሆኗል።

የዘመዳችሁን የዶላር ወለድ ከናንተ የብር ወለድ ጋር ቁጥር ለቁጥር አታስተያዩ፤ ምንዛሬው ራሱ ይለዋወጣል። በ2016 ሐምሌ መጨረሻ የምንዛሬው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 አልፏል።

እዚህ አገር "ፈንድ ነው፣ በወር ይህን ያህል እንከፍላለን" የሚል ከመጣ ደግሞ ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አጣሩ። ከሌለው በሩን አሳዩት።

5. ባንኩ ቢወድቅስ?

እኛም ጋ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አለ፤ ሽፋኑ በአንድ የገንዘብ ተቋም ለአንድ ሰው እስከ 100,000 ብር ነው። ብሩ ከዚያ ከበለጠ ሁለት ባንክ ላይ መክፈል ምንም አያስቸግርም። እቁብ እዚህ ውስጥ የለም። እቁብ ወዳጅ ነኝ፣ ብር አጠራቅሞ ለመያዝ የሚወዳደረው የለም፣ ግን ዋስትናው ዳኛውና ሰዎቹ ናቸው።

የዋጋ ንረቱን በቅዳሜ ገበያ መዝኑት። ዘንድሮ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚገዛው ብር ከነወለዱ ለከርሞ ኩንታሉን ይገዛል? ካልገዛ ብሩ በቁጥር አድጎ በአቅም ቀንሷል ማለት ነው፣ ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ በጥሬው አታስቀምጡ።

ፊክስድ ከመረጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ነገር አስጽፉ፦ ቀኑ ሲደርስ በራሱ ይታደሳል ወይስ ወደ ቁጠባ ሂሳባችሁ ይገባል? ብዙ ሰው ብሩን ሊያወጣ ሄዶ ለሌላ ስድስት ወር ታስሮ የሚያገኘው እዚህች መስመር ላይ ነው።