የዲዝኒንና የዩኒቨርሳልን የገቢ ሪፖርት ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ ለማንበብ

በየሦስት ወሩ ስለ ዲዝኒና ዩኒቨርሳል፣ ስለ ሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ መዝናኛ ፓርክ ባለቤቶች፣ አንድ ዓይነት ወሬ ይመጣል። «የዲዝኒ ጎብኚ ቀነሰ»፣ «ዩኒቨርሳል ዲዝኒን ሊውጠው ነው»፣ «የመዝናኛ ፓርኮች ትርፍ ሪከርድ ሰበረ»። አንዳንዴ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ይወጣሉ፤ የሚገርመው ደግሞ ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የቱሪዝም ወይም የሒሳብ ተማሪ ከሆናችሁ፣ ጣና ዳር ሆቴል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ወይም የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2025 ከተከፈተ ወዲህ የአክሲዮን ነገር ልባችሁን ከሳበው፣ እነዚህን ሪፖርቶች ማንበብ ልመዱ። አልጋው፣ ምግቡ፣ ትኬቱና ትራንስፖርቱ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ውስጥ ተጠቃሎ የሚታይበት ሌላ ቦታ ብዙ የለም። ደግሞ በነፃ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ወረቀቱን አግኙ። ዜናውን ሳይሆን ራሱን ወረቀቱን። አሜሪካ ውስጥ አክሲዮናቸው በገበያ የሚሸጥ ኩባንያዎች ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ሪፖርት የማስገባት ግዴታ አለባቸው። የሩብ ዓመቱ ቴን ኪው (10-Q)፣ የዓመቱ ቴን ኬ (10-K) ይባላል። በየኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ለባለሀብቶች በተዘጋጀው ገጽ ታገኙታላችሁ። ኔት በተገኘ ሰዓት አውርዳችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ እኛ አካባቢ ነገ አወርደዋለሁ ብሎ ማሳደር እንደማያዋጣ ታውቃላችሁ። ሪፖርቱ ረጅም ነው፣ ሁሉንም ለማንበብ አትድከሙ። ዲዝኒ ላይ «ኤክስፒሪየንስስ» (Experiences) የሚለውን ክፍል ፈልጉ። ዩኒቨርሳልን በስሙ ብትፈልጉት ግን አታገኙትም፣ የኮምካስት ንብረት ስለሆነ። ስለዚህ የኮምካስትን ሪፖርት ክፈቱና «ቲም ፓርክስ» (Theme Parks) ወደሚለው ሂዱ።

ከዚያ ሩብ ዓመቶቹን አስተካክሉ። የእኛ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውን ሐምሌ 1 ይጀምራሉ። ዲዝኒ ደግሞ በሴፕቴምበር መጨረሻ አካባቢ ዘግቶ አዲሱን ዓመት ይጀምራል፣ ኮምካስት ግን በጃንዋሪ ነው የሚጀምረው። ከኤፕሪል እስከ ጁን ያለው ጊዜ ለዲዝኒ ሦስተኛ ሩብ ሲሆን ለኮምካስት ሁለተኛ ሩብ ነው ማለት ነው። «ሁለተኛ ሩብን ከሁለተኛ ሩብ» ብላችሁ ካነጻጸራችሁ የአንዱን ከጃንዋሪ እስከ ማርች ከሌላው ከኤፕሪል እስከ ጁን ጋር ነው ያነጻጸራችሁት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሁለት መስመር ብቻ ያዙ፤ ገቢና የሥራ ትርፍ። ገቢ የገባው ገንዘብ ሁሉ ነው። የሥራ ትርፍ ደሞዙ፣ መብራቱ፣ ጥገናው፣ የዕቃው እርጅና ሳይቀር ተቀንሶ የተረፈው ነው፤ ዲዝኒ የሚያወጣው ይኼንን ነው። ኮምካስት ለፓርኮቹ የሚያወጣው ትርፍ ግን («Adjusted EBITDA» የሚለው መስመር) የዕቃው እርጅና ሳይቀነስ ነው። በ2024 የበጀት ዓመት የዲዝኒ ጠቅላላ ገቢ ወደ 91 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ ፓርኮቹን፣ መርከቦቹንና የሸቀጥ ሽያጩን የያዘው ክፍል ያስገባው 34 ቢሊዮን ገደማ ነው፤ ከሲሶ ትንሽ ከፍ ይላል። የሥራ ትርፉን ስታዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከ15.6 ቢሊዮኑ 9.3 ቢሊዮን የሚሆነው ከዚሁ ክፍል ነው የመጣው፣ ወደ 60 በመቶ። ሰው ዲዝኒ ሲባል ፊልም ነው የሚታየው፣ ቤቱን የሚያኖረው ግን ሰልፉና አልጋው ነው። በ2023 ኩባንያው በ10 ዓመት ውስጥ 60 ቢሊዮን ዶላር ፓርኮቹና መርከቦቹ ላይ አፈሳለሁ ያለውም ለዚህ ነው።

የጎብኚ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ የሚሸወድበት ቦታ

ዲዝኒም ዩኒቨርሳልም በዓመት ስንት ሰው እንደገባ አይናገሩም። ዲዝኒ ከዓምናው በስንት በመቶ ጨመረ ወይም ቀነሰ ይላል እንጂ ቁጥሩን አይሰጥም። በየዜናው የምታዩት ቁጥር ቲኢኤ የተባለው የመዝናኛ ፓርኮች ኢንዱስትሪ ማኅበር የሚያወጣው ግምት ነው። በዚያ ግምት ፍሎሪዳ ያለው የዲዝኒ ፓርክ ማጂክ ኪንግደም በ2019 ወደ 21 ሚሊዮን፣ በ2023 ደግሞ ወደ 17.7 ሚሊዮን ሰው አስተናግዷል። እንዲያም ሆኖ ከዓለም አንደኛ ነው። ግምት መሆኑን አትርሱ፣ ያው ጥሩ ግምት ነው።

ጠላ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሁሉም አንድ ጣሳ ይዞ እስኪመሽ ከተቀመጠ ባለቤቷ ምን አተረፈች? ስለዚህ ሁልጊዜ አካፍሉ። ገቢውን ለሰው ቁጥር አካፍሉና አንድ ሰው ስንት ጥሎ እንደሄደ እዩ።

ለዚህ የሚመቸው ሲክስ ፍላግስ የተባለው ሌላ የአሜሪካ ፓርኮች ኩባንያ ነው፣ ቁጥሩን በግልጽ ስለሚያወጣ። በ2021 ወደ 27.7 ሚሊዮን ሰው ገብቶለት ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አገኘ። ሲካፈል በአንድ ሰው 54 ዶላር ገደማ። ከዚያ አዲሱ አስተዳደር ርካሽ ትኬትና ቅናሽ ይቅር፣ ሰው ይቀንስ፣ የመጣው ግን ደህና ይክፈል አለ። በ2022 ጎብኚው ወደ 20.5 ሚሊዮን ወረደ፣ ገቢው ወደ 1.36 ቢሊዮን። አሁን በአንድ ሰው 66 ዶላር ገደማ። ሰው በ26 በመቶ ሲቀንስ ገንዘቡ የቀነሰው በ9 በመቶ ብቻ ነው። «ጎብኚ ሸሸ» የሚለው ርዕስ ውሸት አይደለም፣ ግማሽ እውነት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዋጋ በማስወደድ ብቻ ብዙ አይራመድም፣ ምክንያቱም ዛሬ የቀረው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ሌላ ቦታ መልመድ ይጀምራል። ኩባንያው በጁላይ 2024 ሲዳር ፌር ከተባለ ሌላ የፓርክ ኩባንያ ጋር ተዋህዷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁጥር ከድሮው ጋር እንዳለ አታወዳድሩ፣ ሌላ ድርጅት ሆኗልና።

ዲዝኒም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው፣ ግን በዘዴ። በ1971 ማጂክ ኪንግደም ሲከፈት መግቢያው 3.50 ዶላር ነበር፣ በ2015 ከ100 ዶላር አለፈ። ድሮ በነፃ የነበረው ሰልፍ ማለፊያም ከ2021 ጀምሮ ይከፈልበታል። ሰው ባይጨምርም ገቢ የሚጨምረው እንዲህ ነው።

ተፎካካሪ ነው ከማለታችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያ እዩ

ፋሲካ ይዘዋወራል፣ ይኼ ለእኛ አዲስ አይደለም። በ2024 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 31 ዋለ፤ የበዓሉ እረፍት በሁለት ሩብ ዓመት መካከል ተከፈለ። በ2025 ደግሞ ከእኛው ጋር አንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12 ዋለና ሙሉው እረፍት ወደ ኤፕሪል ገባ። ስለዚህ ያን ዓመት የማርቹ ሩብ ደከም፣ የጁኑ ሩብ ጠንከር ብሎ ቢታይ ፓርኮቹ ምንም ሳይለወጡ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ አየር ንብረት። በ2024 መኸር ሄለንና ሚልተን የተባሉ ማዕበሎች ፍሎሪዳን መቱ፣ ፓርኮቹም ተዘጉ፣ የዲዝኒም ትርፍ ተነካ። ሪፖርቱ ራሱ ይኼን ይጽፈዋል፣ እስከ መጨረሻው የሚያነብለት ሰው ነው የጠፋው።

ወደ ፉክክሩ እንምጣ። ዩኒቨርሳል ኤፒክ ዩኒቨርስ የተባለውን አዲስ ፓርክ በፍሎሪዳ ኦርላንዶ፣ ከዲዝኒ ፓርኮች ብዙም ሳይርቅ፣ ሜይ 22 ቀን 2025 ከፈተ። ብዙ ሰው የዲዝኒን ውድቀት ጠበቀ። ቁጥሩ ምን አለ? በሩ ከመከፈቱ በፊት ባለው ሩብ ዓመት የኮምካስት የፓርክ ትርፍ በሲሶ ገደማ ወረደ፤ ሠራተኛ ተቀጥሯል፣ ሥልጠና እየተሰጠ ነው፣ የሚገባ ሳንቲም ግን የለም። በተከፈተበት ሩብ ዓመት ገቢው ወደ 19 በመቶ ዘለለ፣ ትርፉ ግን የጨመረው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ ቤት ሲከፈት ገቢ ይቀድማል፣ ትርፍ ቆይቶ ይደርሳል፣ ያውም ከደረሰ። ዲዝኒስ? በዚያው ሦስት ወር የአሜሪካ ፓርኮቹንና መርከቦቹን የያዘው ክፍል የሥራ ትርፍ በ22 በመቶ ጨመረ። ከዚህ ላይ የፋሲካን ድርሻ ቀንሱለት፣ ቢሆንም ወድቋል የሚያሰኝ አይደለም።

ይኼ ነገር ከዚህ በፊትም ታይቷል። በ2010 ዩኒቨርሳል በሃሪ ፖተር ስም የተሠራውን መንደር አይላንድስ ኦቭ አድቬንቸር ውስጥ ሲከፍት፣ በቲኢኤ ግምት የዚያ ፓርክ ጎብኚ በ2009 ከነበረበት 4.6 ሚሊዮን በ2011 ወደ 7.7 ሚሊዮን ደረሰ። ማጂክ ኪንግደም በእነዚያ ዓመታት 17 ሚሊዮን አካባቢ ላይ ነበር፣ ያው እንደነበረ። እንደ እኔ ግምት፣ ከሩቅ አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ቤተሰብ አንዱን ትቶ አንዱን አይመርጥም፣ አንድ ሌሊት ጨምሮ ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ የተፎካካሪን ጉዳት መግቢያ በር ላይ ብቻ አትፈልጉት። አልጋ ላይ ፈልጉት። ዲዝኒ ስንት ክፍል እንዳለውና በመቶ ስንቱ እንደተያዘ ያወጣል። ጎብኚው ሳይቀንስ የተያዘው አልጋ ከቀነሰ፣ ሰውየው ቀኑን ዲዝኒ ውሎ ማታ ሌላ ቤት እያደረ ነው።

ይኼንኑ እዚሁ ሞክሩት

እንበል 40 ክፍል ያለው ሆቴል ባሕር ዳር ላይ አላችሁ። በወር 1,200 የአልጋ ሌሊት ማለት ነው። ግማሹን፣ 600ውን፣ በ2,000 ብር ሸጣችሁ 1.2 ሚሊዮን ብር ገባ። ጎናችሁ አዲስ ሎጅ ተከፈተና ደንግጣችሁ ዋጋውን 1,500 አደረጋችሁት። 720 ሌሊት ተሸጠ። ሥራ አስኪያጁ «አልጋ የመያዝ መጠናችን ከ50 ወደ 60 በመቶ አደገ» ብሎ ሪፖርት ያቀርባል፣ ይጨበጨብለታል። የገባው ግን 1.08 ሚሊዮን ነው፤ በዚያ ላይ 120 ተጨማሪ አንሶላ ታጥቧል፣ 120 ተጨማሪ ቁርስ ቀርቧል። ገንዘቡን በተሸጠው ሳይሆን ባላችሁ ክፍል ሁሉ አካፍሉት፣ በ1,200። ከ1,000 ብር ወደ 900 ወርዷል። መጻፍ ያለበት ይህ ቁጥር ነው።

ደብተራችሁ ላይ ከየወሩ ጎን በዓሉን ጻፉ። ጥምቀት ቀኑ አይለወጥም፤ እንጅባራ ላይ ሆቴል ላለው ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓልም እንደዚያው። ሁዳዴና ፋሲካ ግን ይንቀሳቀሳሉ፣ የዘንድሮን መጋቢት ከዓምናው መጋቢት ጋር ዝም ብሎ ማስተያየት የምግብ ቤቱን ሒሳብ ያበላሸዋል። ከ2023 ወዲህ ያለውን የጸጥታ ችግርም ለብቻው አስቀምጡ። ወደ ዘጌ የሚሄዱት ጀልባዎች ሥራ ፈትተው ከቆሙ፣ ጢስ ዓባይ የሚወስዱት መኪኖችም ከቆሙ፣ እናንተን የጎዳችሁ ጎረቤት ሎጁ አይደለም። ጀልባው እየሠራ የእናንተ አልጋ ብቻ ባዶ ከሆነ ግን ዋጋችሁንና አገልግሎታችሁን መርምሩ።

ለልምምድ የሚሆን አንድ ነገር፦ ኮምካስት አብዛኛውን ጊዜ ከዲዝኒ በፊት ነው ሪፖርቱን የሚያወጣው፣ በጃንዋሪ፣ ኤፕሪል፣ ጁላይና ኦክቶበር መጨረሻ አካባቢ። ዲዝኒ ይከተላል፣ በፌብሩዋሪ፣ ሜይ፣ ኦገስትና ኖቬምበር። የኮምካስትን አንብባችሁ ስለ ዲዝኒ ፓርኮች የምትገምቱትን ከነምክንያቱ ጻፉት፣ ትርፉ ወጣ ወይስ ወረደ፣ በበዓል ነው፣ በዋጋ ነው ወይስ በተፎካካሪ። ከዚያ ወረቀቱ ሲወጣ አስተያዩት።