የሴቶች ስብስብ ልትጀምሪ ነው?

ሎጎና መተዳደሪያ ደንብ ይቆይ፣ ለመጀመር አምስት ሴቶች ይበቃሉ። እያንዳንዷ ያስቸገራትን ትናገር፤ አንቺ ስሚ፣ ጻፊ፣ ምክር ለመስጠት አትቸኩይ (ይከብዳል፣ አውቃለሁ)። ከዚያ የጋራ የሆነ አንድ ችግር ብቻ ምረጡ። ህንድ ውስጥ በ‹ሴዋ› ማኅበር የተሰባሰቡ ጥቃቅን ነጋዴዎችና የእጅ ሠራተኞች ባንኮች ፊት ሲነሷቸው እ.ኤ.አ. በ1974 4,000 ሴቶች አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ አቋቁመዋል።

ስለሌላ ሴት ከመናገርሽ በፊት ፈቃዷን ጠይቂ። ራሷ መናገር ከፈለገች ደግሞ ማይኩን ስጫትና ከጎኗ ቁሚ። ቢሮ ስትሄዱ ሁለት ሁኑ፤ አንዷ ስትናገር ሌላዋ ቀኑን፣ ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የተባለውን ትመዝግብ። ገንዘብ ያዥዋና ሒሳብ መዝጋቢዋ አንድ ሰው አይሁኑ። ስብሰባውንም በየተራ ምሩ፣ አለዚያ አንቺ የታመምሽ ቀን ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል።